ሦስቴና ያልደረሳት ጥሪ

በወደቡ ላይ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ጀልበኞቹ ሁሉ "ሦስቴ" ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነ በውል አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ለማንም ግልጽ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሐይቁን ጥሪ ስታዳምጥ፣ በየወቅቱ ደግሞ ጀልበኞችን ስታሠለጥን፣ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነበር።

"ሦስቴ በል! አንዴ ብትለው ንፋስ ይወስደዋል። ሁለቴ ብትለው ሰሚው ጆሮዬ ነው ይላል። ሦስቴ ካልከው ግን ማንም አልሰማሁም ማለት አይችልም።"

ቤቷ ሄዶ የሚጠጣ ውሃ የለመነ እንግዳ ሦስት ጊዜ ካልለመነ አታቀርብለትም እያሉ ያሟት ነበር። እሷም ሐሜቱን ስትሰማ ትስቃለች። ያኔ ትስቅ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ውሃ ላይ ያለ ሰው ሕይወቱ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከወደቀ በሬዲዮ "ሜይዴይ" ይላል። ችግር ገጥሞት ገና ለሞት የማያሰጋ ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶበት ወይም የታመመ ሰው ጭኖ ከሆነ "ፓን ፓን" ይላል። ለሌሎች ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ሲኖረው ደግሞ "ሴኪዩሪቴ" የሚባል አፍ የሚያንገዳግድ ቃል አለ። እያንዳንዱ ሦስቴ ይባላል። ቀጥሎ የጀልባው ስም ሦስቴ፣ ከዚያ ያለበት ቦታ፣ የደረሰበት ነገር፣ የተሳፈረው ሰው ብዛት። ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ዝም ብሎ መልስ መጠበቅ ነው። መልስ ካልመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሌላ ጥበብ የለውም።

ቀላል ይመስላል። ግን ጀልበኛ የሚባል ፍጡር ኩራቱ አያድርስ ነው። ጀልባው እስከ ወገቡ ውሃ ጠጥቶ እንኳ "ትንሽ ነገር ገጥሞናል፣ ከተመቻችሁ ብቅ በሉ" የሚል ዓይነት ሰው ነው። ሜይዴይ ማለት ለእሱ ገበያ መሃል ሱሪው እንደመውለቅ ነው። ሦስቴ ይህንን ስለምታውቅ ሠልጣኞቿን አንድ በአንድ እያስነሳች ጉሮሯቸው እስኪነቃ ታስጮኻቸው ነበር። "እፍረታችሁን እዚሁ ክፍል ጨርሱት። ወደ ውሃው ይዛችሁት እንዳትሄዱ" ትላለች። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች እንደ ሕፃን ተሰልፈው "ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ" ሲሉ አጠገቡ ባለው የመረብ መጋዘን ያሉ ሠራተኞች በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

የማሠልጠኛው ክፍል ክፍል ከተባለ፣ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ሰሌዳና አንድ አሮጌ ሬዲዮ የያዘ ነበር። ሬዲዮው ሆድ ዕቃው ወጥቶ ያለቀለት ነው። የቀረው ማይክራፎኑ ብቻ ሲሆን በሽቦ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሰማ። ሥራ አስኪያጁ ከዛሬ ነገ አዲስ ይገዛል ሲል ስድስት ዓመት ሆኖታል። የማይክራፎኑ ቁልፍ ስፕሪንጉ ስለላላ ሠልጣኙ በተናገረ ቁጥር ድምፁ እየተቆራረጠ ክፍሉን ያስቅባት ነበር። አንድ ቀን ነገሩ ሲያንገሸግሻት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥቁር ናስትሮ ተቀብላ ለጊዜው ጠቀለለችበት። ለጊዜው የተባለ ነገር መቼም መጨረሻው ይታወቃል፤ እንደዚያው ቀረ። ቢያንስ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ ጀመር።

ናስትሮው ከተጠቀለለ በኋላ ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ጀልበኞች አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር።

እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ፣ እሷ ሃያ ዓመታቸው ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። ጫማውን ያሰረችለት፣ ኩፍኝ ሲወጣበት አጠገቡ ያደረችው፣ ሚስት ሲያገባ ሽማግሌ የላከችለት እሷ ናት። ካደገም በኋላ "እትዬ" እያለ ነበር የሚጠራት፤ ቀልዱ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ጀልባ ሲገዛ "ዳክዬ" ብሎ ሰየማት።

"ዳክዬ ሰምጣ ታውቃለች?" ይላል ለጠየቀው ሁሉ።

ሽንኩርትና ሰው እየጫነ ወደ ማዶ የሚመላለስ ጀልበኛ ሆነ። ለዓመታት ሬዲዮ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በስልክ ነበር የሚነጋገረው። የሐይቁ መሃል ላይ ስልክ አይሠራም እንጂ ለወጉማ ስልክ በቂ ነው። በዚያ ዓመት ግን ከአራት ሰው በላይ የሚጭን ጀልባ ሁሉ ሬዲዮ ይግጠም፣ ካፒቴኑም የምስክር ወረቀት ይያዝ የሚል ደንብ ወጣና እሱም እንደሌላው ሊማር መጣ።

ማታ ማታ እህቱ ቤት እየመጣ ይለማመድ ነበር። የራት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የፀጉሯን ብሩሽ እንደ ማይክራፎን ይዞ "ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ! ይህ ዳክዬ፣ ዳክዬ፣ ዳክዬ!" ሲል ሚስቱ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

"ይሄን ስም ቀይረው ብዬህ ነበር" ትላለች ሦስቴ። "በጭንቅ ሰዓት ሰው ይስቅብሃል።"

"እየሳቁም ቢሆን ይምጡልኝ፣ እትዬ።"

ከመቶ ዘጠና ስድስት አገኘ። ከአሥራ ሁለቱ የሚበልጠው አልነበረም። አራቱን ነጥብ የቀነሰችበት አለቅጥ ፈጠነ ብላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለወንድሟ ሙሉ ሰጠች እንዳይሏት ነበር።

ሬዲዮው የተገጠመለት ቀን በስልክ ደወለላት። "ገጣጣሚው ፈትኖት ሄደ። ነገ ከሐይቁ መሃል ደህና አደርሽ ልበልሽ?"

"ሬዲዮ የወሬ ዕቃ መሰለህ? ቻናሉ የተጨነቀ ሰው የሚጮህበት ነው። ያለ ጉዳይ አፍህን እንዳትከፍትበት!"

"እሺ፣ መምህርዬ።"

አልከፈተም። እሺ ካላት እሺ ነው።

ሬዲዮው ከተገጠመ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ በሐይቁ ላይ ድንገት ንፋስ ተነሣ። ሦስቴ ወንበሯ ላይ ነበረች። ንፋሱ መዝገቡን ሲያገላብጥባት ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፣ ተመልሳም ተቀመጠች። ከአንድ የዓሣ ጀልባ ስለ ንፋሱ ማስጠንቀቂያ ደርሷት ለሁሉም አስተላለፈች። ከዚያ ዝምታ ሆነ። መዝገቡ ላይ በእጅ ጽሑፏ "ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የተሰማ የጭንቅ ጥሪ የለም" ብላ ፈረመች። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከማዶ ስልክ ተደወለ። ዳክዬ ተገልብጣለች። አምስት ሰዎች ባዶ ጄሪካን ታቅፈው ሲንሳፈፉ ዓሣ አጥማጆች አውጥተዋቸዋል። ካፒቴኑ የለም።

በሦስተኛው ቀን ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ከተረፉት አምስቱ አንዱ የሆነው የጀልባው መካኒክ ተነሥቶ የሆነውን ተናገረ። ምንም ክፋት አልነበረበትም። ሟቹን ማመስገኑ ነበር።

"ውሃው ሲገባ ሁላችንም ስንጯጯህ እሱ ብቻ አልደነገጠም። ማይኩን አነሣ። ሜይዴይ ሦስቴ አለ። የጀልባዋን ስም ሦስቴ አለ። ያለንበትን ተናገረ። ስድስት ሰው ነን አለ። አንዲት ቃል አልሳተም። ና እንዝለል ስለው 'ቆይ፣ ወደቡ ሬዲዮ ላይ ያለችው እህቴ ናት፣ አሁን ትመልሳለች' አለኝ። እኛ ዘለልን። እሱ እንደገና ከመጀመሪያው ሲጀምር ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ተገለበጠች።"

የወንድሟ ሚስት ፊቷን ወደ ሦስቴ አዞረች።

"የት ነበርሽ?"

ሦስቴ ዓይኗን ከመካኒኩ አላነሣችም።

"የት ነበርሽ ነው የምልሽ?"

"ወንበሬ ላይ።"

"ወንበርሽ ላይ ከነበርሽ ጆሮሽ የት ነበር?"

ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድሟ ሚስት አላነጋገረቻትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ታልፋታለች፤ አተላለፏ ደግሞ የተቆጣ ሰው አይደለም፣ የማያውቃት ሰው ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሬዲዮ ክፍሉ ድምፅ መቅረጫ የለውም፤ ያለው የሦስቴ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዳክዬ ከነሬዲዮዋ ማንም የማይጠልቅበት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቀርታለች። ገጣጣሚውም ተጠይቆ ሬዲዮው ደህና እንደነበር በወረቀት አሳየ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ተሰብስቦ "ኦፕሬተሯ በወቅቱ አላዳመጠችም ብሎ ለመደምደም በቂ ማስረጃ አልተገኘም" የሚል ወረቀት አወጣ። ጥፋተኛ ናት አላለም፤ አይደለችም አላለም። ሥራ አስኪያጁም "ለጤንነትሽ ሲባል" ብሎ ከወንበሯ አነሣትና ሥራዋ ማሠልጠን ብቻ ሆነ።

ሦስቴ አላለቀሰችም። ሰው አጠገቧ ሲያለቅስ እንኳ አላለቀሰችም። ጠዋት ትነሣለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ክፍሉን ትከፍታለች፣ ታሠለጥናለች፣ ትዘጋለች። ምግብ ስትበላ ጨው ይኑረው አይኑረው አትለይም። አንዴ ትኩስ ብረት ድስት በባዶ እጇ አንሥታ መዳፏ ከተላጠ በኋላ ነው ያወቀችው። ጎረቤቶቿ ጠንካራ ናት አሉ። ጠንካራ አልነበረችም፤ ደንዝዛ ነበር። ጀልበኞቹም ሦስቴ ማለቱን ትተው በአክብሮት "እመቤት" ይሏት ጀመር። ስትስቅበት የኖረችው የድሮው ስም አሁን ናፈቃት።

አንድ ነገር ብቻ ውስጧን ይበላት ነበር። ሰምታው ይሆን? ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት ገብታ ከወንበሩ ተነሥታ መስኮቱን ዘግታ እስክትመለስ በሰዓት ለካች። አሥራ አንድ ሴኮንድ። ሙሉ ጥሪ፣ ያውም ተደግሞ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ መሣሪያውን ከጆሮዋ አውጥቶ "በዚህ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ጆሮ አይቼ አላውቅም" አላት፤ ደስ የሚላት መስሎት። ታዲያ ምን ቀረ? ዓይኗን ከፍታ ተኝታ ነበር ማለት ነው። ወይም ደግሞ የገዛ ወንድሟ ድምፅ ደርሷት አእምሮዋ አልቀበልም ብሎ ጥሎታል። መካኒኩ አይዋሽም። እሷም እስከምታውቀው አትዋሽም። ሁለቱ እውነት አብረው የሚቆሙበት ቦታ አጣች። አሥራ አንድ ወር ስትፈልገው ኖረች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰሌዳውን እያጠፋች ሳለ ጢሞ በሩን በርግዶ ገባ። ጢሞ የስድሳ ስምንት ዓመት ጀልበኛ ነው፤ ስሙ ከጢሙ የመጣ፣ ቁጣው ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። ከወንድሟ ጋር ከሠለጠኑት አሥራ ሁለቱ አንዱ ነበር።

"ስሚ አንቺ ልጅ! ያ በወንበርሽ ላይ ያስቀመጡት ጎረምሳ ደንቆሮ ነው ወይስ ንቆኝ ነው?"

"ምን ሆኑ፣ ጋሼ?"

"ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ንፋስ ብጠይቀው አይመልስልኝም! ሄጄ ብጮህበት 'አባቴ፣ አንድም ቀን አልጠሩኝም' አይለኝም! ዓይኑን በጨው አጥቦ!"

ሦስቴ ማጥፊያውን አስቀመጠች። "ሌሎቹን ይሰማሉ? ሌሎቹ ሲነጋገሩ ይሰማዎታል?"

"አጥርቼ ነዋ!"

"እስከ ዛሬስ እንዴት ያደርጉ ነበር?"

"እስካለፈው ወር አማቼ ነበር የሚያወራበት። እሱ የራሱን ሥራ ጀመረና ሄደ። ኋላ እኔም ተምሬያለሁ፣ ወረቀት አለኝ ብዬ ማይኩን ያዝኩ።"

ወደ ጀልባው አብረው ወረዱ። የካፒቴኑ ክፍል ሁለት ሰው አያስቆምም፤ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ጢሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ማይክራፎኑን ከመስቀያው አነሣ፣ እንደ ብርጭቆ ከግርጌው ጨበጠው፣ አፉ ላይ አድርጎ ልክ እሷ እንዳስተማረችው፣ ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል ተናገረ።

"ወደብ ሬዲዮ፣ ወደብ ሬዲዮ፣ ወደብ ሬዲዮ።"

ሬዲዮው ላይ ድምፅ ሲተላለፍ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አልበራችም። የጢሞ አውራ ጣት ከማይክራፎኑ ጎን ካለው ቁልፍ አንድ ጣት ያህል ርቃ አየር ላይ ቆማለች።

"ይኸው!" አለ ጢሞ። "ዝም!"

ሦስቴ መጀመሪያ ምንም አላሰበችም። ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ድምፅ የራሷን ድምፅ ሰማች። "ጋሼ፣ ቁልፉን ለምን አይጫኑትም?"

"የቱን ቁልፍ?"

በጣቷ ጠቆመችው።

"ይሄ ምንድነው? አንቺ ያስተማርሽን ላይ ይሄ የለም እኮ!"

"አለ፣ ጋሼ። ከናስትሮው ሥር ነው፣ ናስትሮው ተጭኖ ይዞት ነው።"

"እንጃ እንግዲህ። እዚያ ክፍል አፋችንን ስንከፍት ይሰማ ነበር። በሰሌዳ ላይ የሆነ ነገር ጽፈሽ ነበር መሰለኝ።"

ጽፋ ነበር። "ስትናገር ተጫን፣ ስታዳምጥ ልቀቅ" ብላ በትልቁ ጽፋ፣ በቃሏም ነግራቸዋለች። እጅ ግን ሰሌዳ አያነብም። እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ለሦስት ሳምንት፣ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ፣ ማይክራፎን እያነሡ ምንም ሳይጫኑ ሲናገሩ ድምፃቸው ግድግዳውን ሲያናውጥ ሰምተዋል። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው እጁ የለመደውን ነው፤ ይህንንም ራሷ ነበረች ስታስተምር የኖረችው።

ወንድሟ ጠርቷል። እሷም ወንበሯ ላይ ነበረች። ሁለቱ እውነት ቦታቸውን አገኙ።

እፎይታ ይመጣ ይሆን ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ አልመጣም። ስለዚህ ሥራዋን ሠራች። ጢሞን አሥር ጊዜ ቁልፉን እያስጫነች፣ እያስለቀቀች፣ አዲሱ ኦፕሬተር እስኪመልስለት አለማመደችው። ቀጥሎም ናስትሮው ከተጠቀለለ ወዲህ ያሠለጠነቻቸውን ስም ዝርዝር ይዛ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ጀልባ በጀልባ ዞረች። አብዛኞቹ ከጓደኛ ወይም ከረዳት አይተው ታርመዋል። ሁለቱ ግን ሲሞክሩ መብራቷ አልበራችም። አንደኛው "እኔ ቁልፉን ማዳመጫ ነው ያልኩት" ብሎ ሳቀ። እሷ ሳትስቅ ጣቱን ይዛ ቁልፉ ላይ አሳረፈችው።

ክፍሏ ተመልሳ ናስትሮውን ላጠችው። ሙጫው ጣቷ ላይ ቀረ። ከሥሩ ቁልፉ እንደተቀበረ ሆኖ፣ ዙሪያው አቧራ ሳይነካው እንደ አዲስ ጠቁሮ ተገኘ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

"ይሄማ የምሥራች ነው! ነፃ ወጣሽ ማለት እኮ ነው። ሰኞ ወንበርሽ ላይ ትቀመጫለሽ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይቺን የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ አውጫት።"

"የቷን?"

"የናስትሮውን ነገር። ምን አስፈለገ? ካፒቴኑ ቁልፉን አልተጫነም፤ በቃ፣ እሱ ይበቃል። ለአንቺም ይሻላል፣ ለመሥሪያ ቤቱም ይሻላል።"

"ወንድሜ ቁልፍ መጫን ያቃተው ሰነፍ ነበር ይባላላ።"

"የሞተ ሰው እኮ ነው። እሱን ምን ይጎዳዋል?"

ሦስቴ የጠረጴዛውን መስታወት አየች። ንዴት ይገባ ነበር፤ ንዴትም አልመጣላትም። ወንበሯ ታያት፤ መስኮቱ፣ መዝገቡ፣ የለመደችው የሬዲዮው ሹክሹክታ። የምትፈልገው ነገር በዓለም ላይ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

"ዘጠና ስድስት ነው ያገኘው" አለች። "እንዳለ ይግባልኝ።"

"ከሥራ ልትታገጂ እንደምትችይ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

የወንድሟ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በአንድ ጫማ ጠጋኝና በአንድ ፎቶ ቤት መካከል ነው። ሦስቴ ስትገባ የሆነ ሆቴል መጋረጃ እየሰፋች ነበር፤ ቡናማው ጨርቅ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉን ሞልቶታል። ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። መኪናው ታካታካውን ቀጠለ።

ሦስቴ ለደንበኛ የተቀመጠው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳትጠየቅ ከጢሞ ጀምራ ነገረቻት። የመኪናውን ድምፅ ለመብለጥ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ የወንድሟን መሞት እየጮኹ መናገር ያስጠላል፣ ግን ተናገረችው። ስለ ቀዩዋ መብራት ስትነግራት መኪናው ቆመ።

"ወንበርሽ ላይ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ሬዲዮው ክፍት ነበር?"

"ክፍት ነበር።"

"ቢጫነው ኖሮ ትሰሚው ነበር?"

"ከመጀመሪያዋ ቃል።"

የወንድሟ ሚስት መርፌውን አተኩራ አየች። "እሱ እንዴት ቁልፍ መጫን ይረሳል? ጠንቃቃ አልነበረም እንዴ?"

እዚህ ላይ ዝም ብትል ያልፍላት ነበር። ሰው ሲደነግጥ ይረሳል ብትላት ታምናታለች፤ ምናልባትም በዚያች ደቂቃ ትታረቃት ነበር። ሦስቴ ይህንን አየችው፤ ማየቷ ራሱ አሳፈራት።

"አልረሳም" አለች። "እኔ እንዳስተማርኩት ነው ያደረገው። ቁልፉን በናስትሮ አስሬ ነበር ያስተማርኳቸው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለጊዜው ብዬ።"

ሴትዮዋ መጋረጃውን ወደፊት ገፋች። እግሯን አንቀሳቅሳ አንድ ክንድ ያህል ሰፋች። ስፌቱ ተጣመመ። አቆመች። መቀሷን አንሥታ ክሩን ቆረጠች፣ መልሳም አስቀመጠችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደማይሰማ አላወቀም?"

"አላወቀም።"

"እየሰማችኝ ነው ብሎ ነው የቆየው።"

"አዎ።"

"መልስ ሲጠብቅ ነው የሞተው።"

"አዎ።"

ውጭ ጫማ ጠጋኙ ምስማር ይመታል። የወንድሟ ሚስት ከመኪናው ዞራ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"መልሺለት" አለች።

"ምን?"

"መልሺለት። ለአገሩ ጀልበኛ ሁሉ ስትመልሺ ኖረሻል። ይቅር ልበልሽ አልበልሽ እኔ አላውቅም፣ ዛሬ አትጠይቂኝ። እሱ ግን አሥራ አንድ ወር ጠብቋል። እትዬ፣ መልሺለት።"

ሦስቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ይህንን ምላሽ በሕይወቷ ለዐርባ ሰባት ጀልባ ሰጥታዋለች፤ ቃሉ ጥፍት ሊልባት አይችልም።

"ሜይዴይ" አለች። "ዳክዬ፣ ዳክዬ፣ ዳክዬ።"

ማንም አልሳቀም።

"ይህ ወደብ ሬዲዮ፣ ወደብ ሬዲዮ፣ ወደብ ሬዲዮ። ሜይዴይ ተቀብያለሁ።"

ከዚህ በኋላ ያለው ደንብ ግልጽ ነው። የተናገረ ሰው ጣቱን ከቁልፉ አንሥቶ ያዳምጣል። ሦስቴ ዝቅ ብላ ስታይ የቀኝ አውራ ጣቷ የስፌት ጠረጴዛውን ጠርዝ ጥፍሩ እስኪነጣ ተጭኖ ይዞታል። መቼ እንደጀመረች አታውቅም። ጣቷን አመማት። ቀስ ብላ አነሣችው፣ ጭንቅላቷንም እንደ ልማዷ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። የወንድሟ ሚስትም ትንፋሿን ይዛ አብራት ጠበቀች።

እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።